ከመቅደላ እስከ ደቡብ ዋልታ፦ ሰር ክሌመንትስ ማርካም፣ የአሰሳ ታሪክና የእኛ ምንጮች

በጅግጅጋ ለታሪክ ተማሪዎችና መምህራን የተደረገ የሕዝብ ንግግር፤ ከድምፅ የተገለበጠ



ዛሬ የማነሣው ሰው ጅግጅጋን አላየም። ከጻፋቸው መጻሕፍት የሚበዙት ስለ መርከብ፣ ስለ ባሕረኞችና ስለ በረዶ የሚናገሩ ናቸው። በዚህ ከተማ ስለ ዋልታ አሰሳ ታሪክ ጸሐፊ መናገር ከርዕስ መውጣት ሆኖ የተሰማው ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ይህ ሰው፣ ሰር ክሌመንትስ ማርካም፣ በመቅደላ ውድቀት ዕለት በቦታው ነበር፤ የዘመቻውንም ታሪክ ጽፏል። ከዚያም በላይ፣ በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁ የመመረቂያ ጽሑፍ አዘጋጆች ከግርጌ ማስታወሻችሁ የማትለዩዋቸውን የባርከርን፣ የበርተንንና የስዌይንን ዘገባዎች ያሳተመውን የለንደኑን ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር በጸሐፊነትና በፕሬዚዳንትነት ከሠላሳ ዓመት በላይ የመራው እርሱ ነው። ስለዚህ የማርካምን የሥራ ሕይወት መመርመር ምንጮቻችን የወጡበትን ቤት መመርመር ነው።

ዓመታቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የኛን ስጠቅስ ዓመተ ምሕረት መሆኑን እናገራለሁ።

ማርካም በ1830 በእንግሊዝ አገር በዮርክሺር ግዛት ከቄስ ቤተሰብ ተወለደ። በ14 ዓመቱ የባሕር ኀይል ዕጩ መኮንን ሆኖ ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ ተላከ። ለሕይወቱ መልክ የሰጠው ግን ከ1850 እስከ 1851 ያደረገው ጉዞ ነው። ሰር ጆን ፍራንክሊን በ1845 ሁለት መርከቦችና 129 ሰዎች ይዞ ከአትላንቲክ ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ የሚያሻግረውን የሰሜን ምዕራብ መተላለፊያ ሊፈልግ ሄዶ ጠፍቶ ነበር። ወጣቱ ማርካም «አሲስታንስ» በምትባለው ፈላጊ መርከብ ላይ ተሳፈረ። ፈላጊዎቹ በቢቺ ደሴት የሦስት ባሕረኞች መቃብርና የሰፈር ፍርስራሽ አገኙ፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ ወዴት እንደሄደ የሚነግር ጽሑፍ አላገኙም። ማርካም እንደ ተመለሰ ባሕር ኀይሉን ለቀቀ። በጉዞው ላይ የተመሠረተውን የፍራንክሊንን ዱካ የሚከተል የመጀመሪያ መጽሐፉንም አሳተመ።

በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። በአማርኛ «አሳሽ» እንላለን፤ ግሡ «አሰሰ» ነው። ወታደር ሽፍታ ለመፈለግ ጫካ ሲያስስም፣ ምሁር ያልታወቀ ምድር ሲያስስም ቃሉ አንድ ነው። በሶማሊኛ ደግሞ «ሳሃን» የሚለውን ቃል ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ሳሃን የወጣው ሰው ዝናብ የዘነበበትንና ሣር የበቀለበትን አይቶ ይመለሳል፤ የሚነግረውም መንጋቸውን ይዘው እዚያ ለሚሰፍሩት ለራሱ ሰዎች ነው። ስህተት ቢናገር የሚያልቀው የራሱ ግመል ነው። የለንደኑ አሳሽ ግን የሚናገረው አገሩን ለማያዩና በአገሩ ለማይኖሩ ሰዎች ነው። ቢሳሳት የሚያርመው ከዓመታት በኋላ የሚሄድ ሌላ አሳሽ ነው፤ ቢያርመው። ይህን ልዩነት በልባችሁ ያዙልኝ።

ማርካም ከባሕር ኀይል ከወጣ በኋላ በ1852 ወደ ፔሩ ሄዶ የኢንካዎችን ታሪክ አጠና። ተመልሶ የህንድን ጉዳይ በሚመራው የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠረ። በ1860 እንደገና ወደ ፔሩ ተልኮ፣ የአካባቢው ሹማምንት እየተቃወሙ፣ የወባ መድኃኒት ኪኒን የሚገኝበትን የሲንኮና ዛፍ ችግኝ አስወጣ። ችግኙ ወደ ደቡብ ህንድ ተጓጉዞ ተተከለ። ይህን ሥራ እንግሊዞች ብዙ ሕይወት ያዳነ ብለው ሲያወድሱት ኖረዋል፤ ከፔሩ በኩል የሚነገረው ስሙ ሌላ ነው። ሁለቱም እውነት ይመስለኛል።

ለታሪክ ሙያ ያበረከተው ዋናው ሥራ በሃክሉት ማኅበር ውስጥ ነው። ማኅበሩ በ1846 የተቋቋመ ሲሆን ዓላማው የጥንት ተጓዦችንና ባሕረኞችን ጽሑፍ አርሞና ተርጉሞ ማሳተም ነው። ማርካም ከ1858 ጀምሮ ለሠላሳ ዓመት ያህል ጸሐፊው፣ ኋላም እስከ 1909 ፕሬዚዳንቱ ሆኖ አገለገለ። በራሱ እጅ ከ20 በላይ ቅጾችን አሰናዳ። የኮሎምበስን የጉዞ መዝገብ፣ የቬስፑቺን ደብዳቤዎች፣ የዊልያም ባፊንን የሰሜን ባሕር ጉዞዎችና የፔሩን ዜና መዋዕሎች ለእንግሊዝኛ አንባቢ ያቀረበው እርሱ ነው። ሥራው ፈጣን ነበር፤ ለትክክለኛነት ግን ሁልጊዜ አልተጨነቀም። ኋላ የመጡ ሊቃውንት ትርጉሞቹን በችኮላ የተሠሩ ብለው ነቅፈዋቸዋል። እኔ ይህን ነቀፋ አልቃወምም። ነገር ግን አንድ ሰው በቢሮ ሥራ ላይ ሆኖ፣ በማታ፣ ይህን ሁሉ ሰነድ ለሕዝብ ማቅረቡን ሳስብ፣ በሣጥን ተቆልፈው ሊቅ የሚጠብቁት የእኛ ሰነዶች ትዝ ይሉኛል።

አሁን ወደ አገራችን እንግባ።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ መጻፋቸውና መልስ ማጣታቸው በሁላችንም ዘንድ የታወቀ ነው። ደብዳቤው በ1863 መጀመሪያ ለንደን ገባ። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ጉዳዩን ወደ ህንድ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አስተላለፈው፤ እዚያም መልስ ሳይሰጠው ተቀመጠ። ማርካም በዚያን ጊዜ በዚያው መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። ደብዳቤው በእርሱ ጠረጴዛ አለፈ ማለቴ አይደለም። የምለው ይህን ነው፦ አንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤውን አስቀመጠ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ያው መሥሪያ ቤት፣ ደብዳቤው መልስ በማጣቱ ለተነሣው ጦርነት፣ የጂኦግራፊ ክፍሉን ኃላፊ ላከ። ታሪክ ጸሐፊው ከታሪኩ ውጭ አልነበረም።

የጄኔራል ናፒየር ጦር በዙላ ባሕረ ሰላጤ አረፈ። ቁጥሩ 13 ሺህ ያህል ነበር፤ አብዛኛውም ከህንድ የመጣ ነው። መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች፣ የባቡር ሐዲድ፣ የባሕር ውኃ የሚያጣሩ መርከቦች አብረው መጡ። ማርካም በጠቅላይ ሰፈሩ ውስጥ የጂኦግራፊ ባለሙያ ሆኖ ተመደበ፤ ሥራው መንገዱን ማጥናት፣ ከፍታውን፣ ወንዙን፣ ዕፀዋቱንና እንስሳቱን መመዝገብ ነበር። ከዙላ በሰንዓፌ፣ በአዲግራት፣ በሕንጣሎ፣ በአሸንጌ ሐይቅ፣ በዋድላና በደላንታ አድርጎ በሽሎን ተሻግሮ መቅደላ እስኪደርስ ድረስ 640 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጓዘ። በ1869 የታተመው የዘመቻው ታሪክ ከሌሎቹ የዘመቻው ጸሐፍት ሥራዎች የሚለይበት እዚህ ላይ ነው። ሌሎቹ ጦር ሲያዩ ማርካም ተፋሰስ ያያል። የትኛው ጅረት ወደ ተከዜ፣ የትኛው ወደ ደናክል በረሃ እንደሚወርድ ይከተላል። ለዚህ ሥራው ያለኝን አክብሮት አልደብቅም።

ጦርነቱ የሆነበት ሰሞን እንዲህ ነበር። በዚያ ዓመት የምዕራባውያኑና የእኛ ፋሲካ በአንድ ቀን ውሎ ነበር። በስቅለት ዓርብ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በአሮጌ ሜዳ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ከመቅደላ ወርዶ ገጠመ፤ ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል ሰው ሲሞት ከእንግሊዞች የሞቱት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በማግሥተ ፋሲካ ሰኞ፣ ሚያዝያ 6፣ በማዕዶት ዕለት፣ መቅደላ ተሰበረ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በሽጉጣቸው ራሳቸውን ሠዉ። ሽጉጡ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የላከችላቸው ነበር።

ማርካም ስለ ንጉሠ ነገሥቱ የሰጠው ፍርድ ሁለት ጎን አለው። የፈጸሙትን ግፍና ያስገደሏቸውን ሰዎች ይዘረዝራል፤ አሟሟታቸውን ግን የጀግና ሞት ይለዋል። ይህ አስተያየት ወደ አማርኛ ተረት ስንሻገር ከምንሰማው ብዙ አይርቅም። እንዲያውም የማርካምን መጽሐፍ ከአለቃ ወልደ ማርያም ዜና መዋዕል ጎን አስቀምጦ ማንበብ ለማንኛውም የታሪክ ተማሪ መልካም ልምምድ ነው። አለቃ ወልደ ማርያም የንጉሡን ውድቀት የሚያየው ከውስጥ፣ ከተበደለው ሕዝብና ካህናት በኩል ነው፤ የእርሱ ቴዎድሮስ የሚወድቁት እንግሊዝ ስለ መጣ ብቻ አይደለም። ማርካም ደግሞ ንጉሡን በአንድ ወቅት ታላቅ የነበረ፣ ኋላ የጠፋ ሰው አድርጎ ያያቸዋል። በሁለቱ መካከል የሚጠፋው ነገር አንድ ነው፦ ተራው የመቅደላ ሰው፣ ከአምባው ከነልጆቹ ወርዶ ማደሪያ ያጣው ሕዝብ፤ ከሁለቱም መጽሐፍ በጎን ብቻ ነው የሚታየው።

ዘረፋውንም እናንሣ፤ ሳይነሣ ማለፍ አይገባም። ከዘመቻው ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ተወካይ ሆኖ ሪቻርድ ሆምዝ ተልኮ ነበር። ከመቅደላ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንና ከግምጃ ቤቱ የወጣው ንብረት በ15 ዝሆንና 200 በሚሆን በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ደረሰ፤ እዚያም ሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ። 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ሙዚየሙ ወሰደ፤ ዛሬ በብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። እቴጌ ጥሩወርቅ ወደ ባሕር በሚወርደው ጉዞ ላይ በመንገድ ሞቱ፤ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ1879 በ18 ዓመቱ ሞተ፤ በዊንድዘርም ተቀበረ። በ2023 አፅሙ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ አልተቀበለም።

ለጥንት ሰነድ መታተም ዕድሜውን የሰጠ ሰው ነበር ማርካም። አንድ ሙሉ የመጻሕፍት ክምችት ከባለቤቱ እጅ ሲወጣ በቦታው ነበር። የፍራንክሊንን አንዲት ቁራጭ ወረቀት ለማግኘት በበረዶ ውስጥ ክረምት ያሳለፈ ሰው ነው። ይህን ሳነብ የሚከብደኝ የግል ክፋት አለመኖሩ ነው፤ ለእርሱ ዘመን ሰነድ የሚድነው ለንደን ሲደርስ ነበር።

ከመቅደላ መልስ ማርካም ለጂኦግራፊ ማኅበሩ ሁለት ጥናቶች አቀረበ። አንደኛው የዘመቻውን የጂኦግራፊ ውጤት የሚዘግብ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከ15ኛው እስከ 17ኛው መቶ ዘመን ፖርቱጋሎች ወደ ኢትዮጵያ ያደረጓቸውን ጉዞዎች ይመረምራል። ሁለተኛው ነው ወደዚህ አካባቢ የሚያደርሰን። የናፒየር ጦር በአሸንጌ ሲያልፍ ማርካም ያየው ሐይቅ ብቻ አልነበረም። በ1541 ከምጽዋ 400 ሰዎች ይዞ የገባው ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ፣ የታላቁ መርከበኛ የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ፣ በ1542 ከኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጋር ተዋግቶ የተሸነፈው በዚያው አካባቢ በወፍላ ነበር። ለባሕር ታሪክ ጸሐፊ ይህ ከሰማይ የወረደ ርዕስ ነው፤ ወደ ህንድ የባሕር መንገድ የከፈተው ሰው ልጅ በአፍሪካ ተራራ ላይ መሞቱ። በዚያ ውጊያ የነበረውን የካስታንሆሶን ዘገባ የሃክሉት ማኅበር በ1902፣ ማርካም ፕሬዚዳንት ሳለ፣ በእንግሊዝኛ አሳተመ።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ልብ እንዲሉ የምፈልገው ነገር አለ። የኢማሙን ዘመቻ ከኢማሙ ወገን ሆኖ የጻፈው ሺሃብ አድ-ዲን አሕመድ፣ ዐረብ ፈቂህ የሚባለው፣ «ፉቱሕ አል-ሐበሻ» በተሰኘው መጽሐፉ ከሶማሌ ጎሳዎች ስማቸውን እየጠራ፣ ስንት ፈረሰኛ እንዳመጡና ማን እንደ መራቸው ይናገራል። በዚህ ክልል ስላሉ ጎሳዎች ከቀደሙት የጽሑፍ ማስረጃዎች አንዱ እርሱ ነው። ነገር ግን እስከ እኛ የደረሰው ክፍል ፖርቱጋሎች ከመምጣታቸው በፊት ያበቃል። ስለዚህ ከ1541 እስከ 1543 ላለው ጊዜ የምናነበው የፖርቱጋሉን ዘገባና የዐፄ ገላውዴዎስን የግእዝ ዜና መዋዕል ነው፤ ሁለቱም ከኢማሙ ባላጋራ ወገን የመጡ ናቸው። ከአዳል ወገን የነበረው ሰው በወፍላ ድል ያደረገ ዕለት ምን ተሰማው? በወይና ደጋ ኢማሙ ሲወድቁ ወደ ቆላው እንዴት ተመለሰ? ባሕረኞቹ ያሳተሙልን መጽሐፍ ይህን አይመልስም፤ ሊመልስም አይችልም።

ኢብን ባጡጣ በ14ኛው መቶ ዘመን ዘይላ ሲደርስ የከተማዋን የዓሣና የታረደ ግመል ሽታ ጠልቶ ሌሊቱን በመርከቡ ላይ ማደሩን ተናግሯል። ባሕሩም እየተናወጠ ነበር፤ ሰውዬው ግን ማዕበሉን ከሽታው መረጠ። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር እሥቃለሁ፤ ነገር ግን የዚህን ምድር የባሕር በኩል ምንጮች ባሕርይ ከዚህ በላይ የሚገልጽ አላገኘሁም። የወደቡን ጠረን የሚነግሩን ከመርከብ ሳይወርዱ ነው። በ1863 ሃክሉት ማኅበር ያሳተመው የቫርቴማ መጽሐፍም ዘይላን የወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና የባሪያ መሸጫ አድርጎ ይገልጻታል፤ ከዘይላ ጀርባ ሸቀጡ በማን ጫንቃ እንደ መጣ ግን ብዙ አይልም።

ታዲያ ጅግጅጋ ወደ እነዚህ ወረቀቶች እንዴት ገባች? በ1842 የጂኦግራፊ ማኅበሩ መጽሔት የሌተናንት ባርከርን ጽሑፍ አወጣ። ባርከር የህንድ ባሕር ኀይል መኮንን ነበር። ሐረር አልገባም፤ ስለዚህ የጻፈው ሐረር የት ልትገኝ እንደምትችል የሚገምት ነው። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ጅግጅጋ በዘይላና በሐረር መካከል ነጋዴዎች ከሚያርፉባቸው ማረፊያዎች አንዷ ሆና ተጠቅሳለች። መኮንኑ ይህን ሁሉ ያወቀው የነጋዴ መንገዱን ከሚያውቁ ሰዎች አፍ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፦ «የጽሑፍ ማስረጃ» ብለን የምንጠራው ይህ ሰነድ ራሱ የቃል ማስረጃ ነው። ልዩነቱ ተናጋሪው ስሙ አለመጻፉ ነው። በመመረቂያ ጽሑፍ ፈተና ላይ «የሽማግሌ ቃል ብቻ ነው፤ ሰነድ የለህም» ሲባል ስሰማ ባርከር ትዝ ይለኛል።

በርተንም እንዲሁ ነው። በኅዳር 1854 ከዘይላ ሲነሣ የረዱት የከተማዋ ገዥ ሐጂ ሸርማርኬ ዓሊ ሷሊሕ ነበሩ። መንገዱን ያሳለፈው ደግሞ «አባን» ነው። አባን ምን እንደሆነ እዚህ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ እንግዳውን በጎሳው ምድር በስሙ የሚያሳልፍ፣ እንግዳው ቢነካ ደሙ የሚቆጠርበት፣ ከንግዱም ድርሻ ያለው ሰው ነው። በርተን ከጅግጅጋ ዙሪያ ሜዳ ጋር የሚያያዘውን የማራር ሜዳን ተሻግሮ፣ በገራድ አደን ቤት በእንግድነት አርፎ፣ ጥር 3 ቀን 1855 ሐረር ገባ፤ ዐሥር ቀን ቆየ። በመጽሐፉ ላይ አባኑ ይነቀፋል፣ ይሾፍበታል፣ ስግብግብ ይባላል። ነገር ግን በርተን በሕይወት ሐረር ደርሶ መመለሱ የአባን ሥርዓት መሥራቱን የሚመሰክር ነው፤ መጽሐፉ ራሱ በነቃፊው እጅ የተጻፈ የአባኑ የምስክር ወረቀት ነው። በየካቲት 1893 ስዌይን በጅግጅጋ ሲያልፍ ከውኃ ጉድጓዶች አጠገብ በእንጨት አጥር የተከበበ ምሽግና 25 ወታደሮች አገኘ። የሐረርና የኢሚ ጉዞውን በማኅበሩ መጽሔት ያሳተመው በዚያው ዓመት ነው፤ ማርካም ፕሬዚዳንት የሆነበት ዓመት። ከአራት ዓመት በኋላ በሐረር ራስ መኰንንና እንግሊዛዊው ሮድ የተፈራረሙበት የድንበር ስምምነት ሲጻፍ፣ የእነዚህ አሳሾች ካርታ የጉጉት ወረቀት ብቻ እንዳልነበረ ግልጽ ሆነ። በቶጎ ውጫሌ በኩል ግመል ሲያሻግር የኖረ ሁሉ ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቃል።

ወደ በረዶው ልመለስ፤ ምክንያቱም የማርካም ትልቁ ስህተትና ትልቁ ትምህርት እዚያ ነው።

በ1854 ጆን ሬይ የተባለ ተጓዥ ከኢኑይት ሰዎች ቃል ሰብስቦ ወደ ለንደን ተመለሰ። ኢኑይቶቹ የፍራንክሊን ሰዎች በረሃብ እያለቁ ወደ ደቡብ ሲጓዙ መታየታቸውን፣ በመጨረሻም የሞቱትን እስከ መብላት መድረሳቸውን ተናገሩ። ለንደን አልሰማም አለች። ቻርልስ ዲከንስ ሳይቀር በመጽሔቱ የኢኑይቶቹን ቃል አጣጣለው። አፅሞቹ በኋላ ሲመረመሩ የቢላ ምልክት ተገኘባቸው። መርከቦቹም የተገኙት አንዷ በ2014፣ ሁለተኛዋ በ2016 ነው፤ ሁለቱም የኢኑይት ቃል ወደ ጠቆመበት አካባቢ በተደረገ ፍለጋ። መቶ ስድሳ ዓመት ሙሉ ቃሉ ነበር፤ ሰሚ ነው የጠፋው።

ማርካም የዚህ አመለካከት ልጅ ነበር። በ1875 የተላከውን የእንግሊዝ የአርክቲክ ጉዞ ሲቀሰቅስ ከቆየ በኋላ እስከ ግሪንላንድ አብሮ ሄደ። የአጎቱ ልጅ አልበርት ማርካም ሰዎቹን ጋሪ አስጎትቶ በግንቦት 1876 በሰሜን 83 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ደረሰ፤ በጊዜው ከሁሉ የራቀ ነበር። ሰዎቹ ግን በስከርቪ በሽታ ተሰባብረው ተመለሱ። የአርክቲክ ሰዎች ትኩስ ሥጋ እየበሉ፣ በውሻ እየተጓዙ በዚያው ብርድ ልጅ ያሳድጉ ነበር። ማርካም ከዚህ የወሰደው ትምህርት ሰዎቹ ጀግኖች መሆናቸውን ነው። ውሻን ለእንስሳው ከማዘንም፣ ሰው ራሱ የሚጎትተውን ጉዞ የበለጠ ክቡር ከማድረግም የተነሣ አልወደደውም።

ይህ አስተሳሰብ ወደ ደቡብ ዋልታ ተሻገረ። በመጋቢት 1887 በካሪቢያን በሴንት ኪትስ ደሴት በተደረገ የጀልባ ውድድር አንድ የ18 ዓመት ዕጩ መኮንን ሲያሸንፍ ማርካም ተመለከተ፤ ስሙን ያዘ። ስሙ ሮበርት ፋልከን ስኮት ነው። ማርካም የጂኦግራፊ ማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሲሆን አንድ ዓላማ ነበረው፤ አንታርክቲካ። በ1895 በለንደን በመራው ዓለም አቀፍ የጂኦግራፊ ጉባኤ ጉዳዩን አጀንዳ አደረገ፤ ዓመታት ሙሉ ገንዘብ ለመነ፤ ሳይንቲስት ይምራው ከሚሉት ጋር ተጣልቶ የባሕር ኀይል መኮንን እንዲመራው አደረገ። «ዲስከቨሪ» በ1901 በስኮት መሪነት ተነሣች፤ ጉዞው በደቡብ 82 ዲግሪ ከ17 ደቂቃ ደረሰ። ከዐሥር ዓመት በኋላ ኖርዌያዊው አሙንድሰን ከኢኑይት የተማረውን የቆዳ ልብስና የውሻ አነዳድ ይዞ ታኅሣሥ 14 ቀን 1911 ዋልታው ላይ ቆመ። ስኮትና አራት ጓዶቹ የመጨረሻውን መንገድ በራሳቸው ጉልበት ጎትተው ከአንድ ወር በኋላ ደረሱ፤ ሲመለሱም አለቁ። ሮላንድ ሀንትፎርድን የመሰሉ የኋላ ጸሐፍት ለዚህ ማርካምን አጥብቀው ይወቅሱታል። ወቀሳው አንዳንዴ ከልክ ያልፋል፤ ስኮትም የራሱ ውሳኔ ነበረው። ነገር ግን የአሰሳን ታሪክ ከሁሉ የበለጠ ያነበበው ሰው ከአገሬው ሰው እንዴት እንደሚማር ከታሪኩ አለመማሩ የሚያስደንቅ ነው። ምክንያቱም ያነበባቸው መጻሕፍት አገሬውን የሚያዩት ከመርከብ ላይ ነበር።

ማርካም በጥር 1916 በ85 ዓመቱ ሞተ። አልጋው ላይ ሆኖ በሻማ ብርሃን ሲያነብ እሳት ተነሣ፤ በጉዳቱ በማግሥቱ ዐረፈ። ሳይጨርሰው የቀረው የአርክቲክና የአንታርክቲካ አሰሳ ታሪክ በሌላ ሰው ተጠናቆ በ1921 ታተመ። የመጽሐፉ ስም በአማርኛ ሲመለስ «የዝምታ አገሮች» ይሆናል። ለደቡብ ዋልታ ስሙ ይስማማል፤ ሰው የለበትምና። ለሰሜኑ ግን አይሆንም። እዚያ ሰው ነበረ፤ ይናገርም ነበር።

በዚያው በ1916 ልጅ ኢያሱ ጅግጅጋ ነበሩ። ከከተማዋ ታሪክ እጅግ የሚጠናው ሰሞን ያ ነው፤ የቆንስላ ቴሌግራም፣ የሸዋ መኳንንት ክስ፣ የሶማሌ ባላባቶች ትውስታ ሁሉም በአንድነት የሚገናኙበት። የትኛውም የጂኦግራፊ ማኅበር ያንን ሰሞን አርሞ አላሳተመውም። በቃል የሚያስታውሱት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ግን በዚህ ከተማ፣ በቀብሪ በያህ፣ በአውበሬም አሉ።

ተማሪዎቼን የምጠይቀው ሥራ ትንሽ ነው። የባርከርን ጽሑፍ ቅጂ ይዤ መጥቻለሁ፤ ከመድረኩ በስተቀኝ ባለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ። በውስጡ የተዘረዘሩትን ማረፊያዎች ውሰዱና በየቤታችሁ ካሉ የነጋዴ መንገድን ከሚያውቁ አዛውንት ጋር ተቀምጣችሁ ስም በስም አጣሩ። የትኛው ስም ተጣምሟል? የትኛው ጉድጓድ ደርቋል? በየማረፊያው አባን የነበረው የማን ጎሳ ነበር? የተናገረውን ሰው ስም፣ ዕለቱንና ቦታውን ጻፉ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።